የዛገ ብሎን ታምብለር ውስጥ ሲገባ የሚሠሩ ስህተቶች

አሮጌ ቮልስ ፈታትቶ የሚያድስ ሰው ከሞተሩ ይልቅ የሚያማርረው ብሎኑን ነው። አራቱ ፓራፋንጎ ብቻ ሲወርዱ አንድ ጣሳ የዛገ ባለ 8 ሚሊ ብሎንና ሮንዴላ ይወጣል። ይህን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ አንድ በአንድ ላሽ ቢባል ክንድም ትዕግስትም ያልቃል። ያኔ ነው ታምብለር ትዝ የሚለው።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ሞላ ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። ከሥሩ ሞተር አለ፣ የሞተሩ ዘንግ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ክብደት ታስሯል። ሞተሩ ሲዞር ገንዳው ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡ ያሉት ጠጠሮችም ብሎኑን ከየአቅጣጫው ይፈትጉታል። በቃ፣ ሥራው መፈተግ ነው። ግራሶ አያጥብም፣ ዝገት አያሟሟም፣ ሲጨርስም አያደርቅም። ብዙ ሰው ግን ጣሳውን ገልብጦ ክዳኑን ይዘጋና ሁሉንም ከማሽኑ ይጠብቃል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከነግራሶው መክተት

ከመኪና ሥር የወጣ ብሎን ላይ ያለው ዝገት ብቻ አይደለም። የሞተር ዘይት አለ፣ ግራሶ አለ፣ የዓመታት አቧራ አለ፣ አንዳንዴም ከሥር የተቀባው ሬንጅ አለ። ይህ ሁሉ ገንዳ ውስጥ ከብሎኑ ይነሳና ጠጠሩ ላይ ይለጠፋል። ጠጠሩ የሚበላው ላዩ ሻካራ ስለሆነ ነው፤ ግራሶ ከቀባችሁት ብሎኑ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይፍቅም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውልና ጥቁር ብሎን ሰጥታችሁት ጥቁር ብሎን ይመልስላችኋል። ከዚያ ብሎኑንም ጠጠሩንም ማጠብ ሊኖርባችሁ ነው።

ብሎኑን መጀመሪያ ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በብሎኑ ጥርሶች መሀል ፈትጉት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን እጥበት ነው። ናፍታ ግራሶውን ያስለቅቃል እንጂ እሱ ራሱ ቅባት ነው፣ ካልታጠበ ተመልሶ ጠጠሩን ያበላሻል። መጥራቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ንጹህ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ክብ ክብ ሠርቶ ከቆመ ቅባት አለው፣ ተዘርግቶ ካረጠበው ንጹህ ነው።

በናፍታ ፋንታ ቤንዚን የሚጠቀሙ አሉ። ተዉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ተስቦ ጥግ ላይ ያለ ምድጃ ጋ ሲደርስ አይታይም።

ቅርፊት የሠራ ዝገትን ለማሽኑ መተው

ስስ ብርቱካናማ ዝገት በጥቂት ሰዓት ይለቃል። እንደ ቅርፊት የተነባበረው ግን ሌላ ነገር ነው። ታምብለሩ እሱንም ሊጨርሰው ይችላል፣ ነገር ግን እዚያ እስኪደርስ የደህናው ብረት ጠርዝም አብሮ ያልቃል። የብሎኑ ራስ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፣ 13 ቁልፍ ስታስገቡበት ይሾልካል።

ስለዚህ ወፍራሙን ዝገት አስቀድማችሁ በአሲድ አለስልሱት። ለስላሳ አሲድ ነው የምለው። አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ሲትሪክ አሲድ ካገኛችሁ ደግሞ ለ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም። ጠዋት ጓንት አድርጋችሁ ብታወጡት ቅርፊቱ ጥቁር አተላ ሆኖ በጣት ይጠረጋል። በውሃ አለቅልቁት፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ወደ ታምብለር። ሙሉ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ሰዓት ያልቃል።

እዚህ ጋ ሌሎች ስህተቶች ይወለዳሉ። አንደኛው አቼቶውን እዚያው ታምብለሩ ውስጥ መጨመር ነው፤ "በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ" ለማለት። የአብዛኞቹ ትንንሽ ማሽኖች ገንዳ መሀል ላይ ክዳኑን የሚያስር የብረት ዘንግ ያልፋል። አሲዱ የእናንተን ብሎን ሲያጸዳ ያንን ዘንግ ይበላል። ሁለተኛው የባትሪ አሲድ ነው፣ በየሱቁ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ደህናውንም ብረት አይምርም። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። በረኪና የሚጨምሩ አሉ። በረኪና ብረትን ራሱ ያዝጋል፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሳንባ ይጎዳል፣ በዝቶ ከተተነፈሰም ይገድላል። ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ባታስቀምጧቸው ራሱ ደስ ይለኛል።

የብሎኑን ራስ ደግሞ አንብቡ፤ የጥንካሬው ቁጥር እዚያ ተጽፏል። 8.8 የሚል ከሆነ በአቼቶ አትጨነቁ። 10.9 ወይም 12.9 የሚል ከሆነ ግን አሲድ ውስጥ አታሳድሩት። አሲዱ ከብረቱ ጋር ሲሠራ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፣ ሃይድሮጅኑ ጠንካራው ብረት ውስጥ ይሰርግና ያሰብረዋል። ብሎኑ ላዩ አብረቅርቆ ከታሰረ በኋላ ድንገት ጧ ሊል ይችላል። የመሪና የፍሬን ብሎን ከሆነ ማጽዳቱን ትታችሁ አዲስ ግዙ። የብሎን ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ። ዝገት ቆፍሮ የሠራውን ጉድጓድ ታምብለር አይሞላውም። ንጹህ ጉድጓድ ያደርገዋል።

ጠጠሩን በግምት መምረጥ

በትንንሹ የሚሸጡት ማሽኖች ብዙዎቹ የተሠሩት የጥይት ቀለህ ለማጽዳት ነው። ለዚያም የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የተፈጨ የዋልነት ፍሬ ቅርፊት ይዘው ይመጣሉ። ለነሐስ ጥሩ ነው። የዛገ ብረት ላይ ግን ዝገቱን ያሻሸዋል እንጂ አያነሳውም። ለዝገት የሚያስፈልገው ውስጡ መፋቂያ ያለበት የሴራሚክ ጠጠር ነው። ለአሉሚኒየምና ለነሐስ ለስለስ ያለው የፕላስቲክ ጠጠር አለ። ቆረቆንዳው ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለማድረቅና ለማሳመር።

ሴራሚኩ አገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ሰው የወንዝ ጠጠር ይሞክራል። የወንዝ ጠጠር ውሃ አለስልሶት የመጣ ነው፣ የሚፍቅ ፊት የለውም፤ እየተጋጨ ጭቃ ያወጣላችኋል። አሸዋ ደግሞ ይባስ። እርጥብ ሲሆን ረግቶ ይቀመጣል፣ ደረቅ ሲሆን የሚነሳው ብናኝ ሲሊካ አለበት፣ እሱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የ8 ዳዶ ቀዳዳ 7 ሚሊ ገደማ ነው። 6 ሚሊ ጠጠር ከጨመራችሁ ገብቶ ይቀረቀርና እያንዳንዱን ዳዶ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻና በቀጭን ብረት ስታስወጡ ታመሻላችሁ። ወይ ከቀዳዳው በደንብ የሚበልጥ ይሁን፣ ወይ በደንብ የሚያንስ። የሚያንሰውም ሁለት ሦስቱ ተያይዘው ሊጣበቁ ይችላሉ፤ እኔ ሁሉንም ከመክተቴ በፊት አንድ ሦስት ዳዶ ብቻ ጨምሬ አሥር ደቂቃ አስነስቼ አያለሁ።

ገንዳውን ማጨቅ

ጣሳውን ባንዴ ለመጨረስ መፈለግ ያለ ነው። ግን ብሎን ሲበዛ ብሎን ከብሎን ይጋጫል፣ ጥርሱ ይቀጠቀጣል። በመጠን ሦስት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ ብሎን። ቀለል ያለና ቶሎ የሚጫር ዕቃ ከሆነ ጠጠሩ ከዚያም ይብዛ።

ክብደቱንም አስቡት። ሴራሚክ ከቆረቆንዳ በጣም ይከብዳል። ለቆረቆንዳ የተሠራ ገንዳ ሴራሚክ እስከ አፉ ቢሞላ ሞላው ይተኛል፣ ሞተሩ ይግላል። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን የኪሎ ልክ እዩ፣ ጠጠሩንና ውሃውንም ደምሩበት።

ትክክል መሆኑን በዓይን ማየት ትችላላችሁ። ክዳኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ መመልከት ነው። ጠጠሩ ከዳር ተነስቶ ወደ መሀል እየተገለበጠ፣ ገንዳውንም እየዞረ መሄድ አለበት። አንድ ብሎን ላዩ ላይ ጣል አድርጉ፤ ትንሽ ቆይቶ ይሰምጣል፣ ከዚያ ሌላ ጋ ብቅ ይላል። ካልሰመጠ፣ ወይም ሁሉም ባለበት የሚንቀጠቀጥ ብቻ ከሆነ፣ ወይ ሞልታችሁታል ወይ ውሃ አብዝታችሁበታል።

ሮንዴላ ለብቻው ይጠቀስ። ጠፍጣፋ ሮንዴላዎች በእርጥበቱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ የተጣበቀው ፊት ሳይነካ ይወጣል። ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ከብሎኖቹ ጋር ቀላቅሏቸው።

የውሃው ነገር

ሴራሚክ በደረቁ አይሠራም። አቧራ ያስነሳል፣ የተፋቀው ዝገት መልሶ ላዩ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ሲበዛ ደግሞ እንቅስቃሴው ይሞታል። ጠጠሩ ረጥቦ የሚያብለጨልጭ፣ ከሥር ግን ውሃ ያልቋጠረ ይሁን። በሻይ ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ይበቃል፣ ካበዛችሁት አረፋው በክዳኑ ይወጣል።

ውሃው ቡና ሲመስል አፍስሳችሁ ቀይሩ። ጠጠሩን አልፎ አልፎ አውጥታችሁ በጥፍር ፈትሹት፤ ሻካራነቱ ጠፍቶ መስታወት መስታወት ካለ ቆሻሻ ደፍኖታል ማለት ነው። ብሎኑን አውጡና ጠጠሩን ብቻውን በንጹህ ውሃና በሳሙና አስኪዱት፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ።

መግባት የሌለበትን ማስገባት

ኩሽኔታ በፍጹም። የሴራሚኩ ብናኝ ውስጡ ከገባ አለቀለት። በቶርኖ ልኩ የወጣ ዘንግም እንዲሁ፣ ልኩ ይጠፋል። ክሮም ይደበዝዛል። ዚንክ የተለበጠ ብሎን ደግሞ ልባጡ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ብቻ ነው፤ ታምብለሩ ቶሎ ያነሳውና ከመጀመሪያው ቀድሞ የሚዝግ ባዶ ብረት ይሰጣችኋል። አሉሚኒየምና ብረት አንድ ላይ አትክተቱ። ብረቱ አሉሚኒየሙን ይጭረዋል፣ ጥቁር ያለብሰዋልም።

110 ቮልት

ይሄ የእኛ ስህተት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ይዞት ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ቀጥታ 220 ላይ እንሰካዋለን። ሞተሩ ይጤሳል። ትራንስፎርመር ያላችሁም ቢሆን አንድ ነገር ይቀራል፤ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሞተሩ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከልኩ በላይም ይግላል። ጭነቱን ቀንሱለት፣ አሳርፉት፣ ሞተሩን በእጅ እየነካችሁ ፈትሹ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ይህ ጣጣ የለበትም።

እና አስነስታችሁት አትሂዱ፣ አትተኙም። እየተንቀጠቀጠ ጠረጴዛው ላይ ይራመዳል፣ ይወድቃል። ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤት ጆሮ እንዳለው አትርሱ።

አውጥቶ መተው

ሁሉም ነገር ተሳክቶ እዚህ ጋ የሚበላሸው ሥራ ብዙ ነው። ከታምብለር የወጣ ብሎን ምንም ሽፋን የሌለው፣ እርጥብ፣ ባዶ ብረት ነው። ስልክ አንስታችሁ አውርታችሁ እስክትመለሱ ቢጫ ቢጫ ማለት ይጀምራል። የልፋታችሁ ግማሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

ስለዚህ ማድረቂያው ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ይዘጋጅ። ብሎኑን አውጥታችሁ ወዲያው በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ በወንፊት ንከሩት። ብረቱ ራሱ ስለሚሞቅ ሲወጣ ውሃው ቶሎ ይተናል። በጨርቅ አራግፉት፣ በፀጉር ማድረቂያ ጥርሶቹንና የዳዶውን ውስጥ አድርቁ፤ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቆረቆንዳ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት በእሱ ታምብለር ውስጥ አስኪዱት፤ የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል፣ መልኩንም ያሳምረዋል። ቆረቆንዳውን ቤት መፍጨት ይቻላል፤ በደንብ ይድረቅ፣ ይነፋ፣ ዱቄቱ ይውጣ።

በባዶ እጅ አትንኩት። የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ከቀናት በኋላ የጣት አሻራችሁ ብሎኑ ላይ በዝገት ተስሎ ታገኙታላችሁ።

ከደረቀ በኋላ ዘይት። በጣሳ የሚሸጠው የሚረጭ ዘይት፣ ደብልዩ ዲ 40፣ ውሃውን ያስለቅቃል፣ የሚተወው ሽፋን ግን ስስ ነው፤ ለወራት የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ ወፈር ያለ ዘይት ወይም ግራሶ ቀቡት። ቀለም የምትቀቡት ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ዝለሉ። በቲነር ወልውላችሁ ያን ቀን ፀረ ዝገቱን ቀቡ፣ ነገ አትበሉ።

ከገንዳው የወጣውን ቡናማ ውሃ ሲንክ ውስጥ አትድፉት። የሴራሚኩ ጭቃ ቱቦ ውስጥ ረግቶ ይደርቃል። ባልዲ ውስጥ አሳድሩት፣ ጭቃው ሲዘቅጥ የላዩን ውሃ ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ ፍተጋ ተጠቀሙበት፣ የታቹን አድርቃችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱ።