በታዳጊ ተማሪዎች ላይ የአዮዲን እጥረት ስጋትን እንዴት መለየትና መከላከል ይቻላል?

አዮዲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል ማዕድን ሲሆን፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ዕድገትንና የአእምሮ ሥራን የሚመሩትን ሆርሞኖች የሚያመርተው በእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን 120፣ ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ 150 ማይክሮግራም ይመክራል። እጥረቱ ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚያገኘው እንቅርት ሲወጣ ቢሆንም፣ አንገት ምንም ሳያሳይ የተማሪው ትምህርት የመቀበል አቅም ሊዳከም ስለሚችል ፍተሻውን ከጨው ዕቃው መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያ የጨው ማሸጊያው ላይ አዮዲን እንደተጨመረበት የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። የባሕር ጨው በተፈጥሮው በቂ አዮዲን አለው የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ካልተጨመረበት የለውም ማለት ይቻላል። ያልታሸገ ጨው ከሆነ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሚገኘው መፈተሻ ፈሳሽ ይረዳል፦ ጠብታው ያረፈበት ጨው ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከተለወጠ አዮዲን አለው፤ መጠኑን በቀለሙ ድምቀት መገመት ግን አስተማማኝ አይደለም። አዮዲን በእርጥበት፣ በሙቀትና በብርሃን ስለሚባክን፣ ጨውን በሚከደን ደረቅ ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ አለማጠብ፣ ወደ ወጥም ምግቡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል። ይህ ሁሉ ግን ጨው አብዝቶ ለመብላት ፈቃድ አይደለም፤ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ለልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ቀጥሎ የታዳጊውን ሁኔታ ይመልከቱ። ዝናብና ጎርፍ ለረጅም ዘመን አፈሩን ባጠቡባቸው ተራራማ አካባቢዎች፣ እንዲሁም ጎርፍ በሚያጥለቀልቃቸው ሜዳዎች የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ ቤተሰቡም ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል እምብዛም የማያገኝ ከሆነ ስጋቱ ይጨምራል። ካሳቫና ጥቅል ጎመን ዕጢው አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። በቂ አዮዲን ለሚያገኝ ሰው ይህ አያሳስብም፤ ካሳቫ ዋና ምግብ በሆነበት ቤት ግን በሚገባ ዘፍዝፎ ማብሰል ያስፈልጋል። የሲጋራ ጭስም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። የብረት ማዕድን እጥረት የታይሮይድ ሆርሞን አሠራርን ስለሚያዳክም፣ የደም ማነስ ያለበት ታዳጊ አዮዲንም ሲያንሰው ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። በጉርምስና ወቅት እንቅርት ከወንዶች ይልቅ በልጃገረዶች ላይ ይበዛል። ለእነርሱ ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው፣ ወደፊት በእርግዝና ጊዜ የሚደርስ እጥረት የፅንሱን አንጎል ስለሚጎዳ ነው።

ከዚያ በኋላ አንገትን መመርመር ይቻላል። ታዳጊው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ውኃ ሲውጥ ከጉሮሮው በታች ወደ ላይ የሚንቀሳቀስ እብጠት መኖሩን ይዩ፤ በጣቶችም በቀስታ ይዳስሱ። እያንዳንዱ የዕጢው ክንፍ ከራሱ ከታዳጊው አውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ይባላል። ሲዳሰስ ብቻ የሚታወቀው አንደኛ ደረጃ፣ አንገት ቀና ሳይል በዓይን የሚታየው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እብጠት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት ስለማይመጣ፣ በተለይ ጠጠር ያለ፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ድምፅን የሚያጎረንን ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

በሽንት ምርመራ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሰው የሚያወጣው አዮዲን ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ፣ የአንድ ጊዜ ውጤት የግለሰቡን ሁኔታ አይናገርም፤ የሚያገለግለው ለማኅበረሰብ ጥናት ነው። የተማሪዎቹ መካከለኛ ውጤት (ውጤቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) በአንድ ሊትር ሽንት ከ100 ማይክሮግራም በታች ሲሆን፣ ወይም እንቅርት ያለባቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ችግሩ የአካባቢው እንጂ የአንድ ቤት አይደለም፤ መፍትሔውም ጨው አምራቾችንና ተቆጣጣሪዎችን ይመለከታል። ለግለሰብ የሚጠቅመውን የደም ምርመራ ሐኪም ያዛል።

እጥረት ከተገኘ የአዮዲን እንክብል በራስ ፈቃድ መጀመር አይገባም፤ ከመጠን ያለፈ አዮዲን ራሱ ዕጢውን ሊያውክ ይችላል። ለቁስል ማጽጃ የሚውለው አዮዲንም ፈጽሞ አይጠጣም። አዮዲን ያለው ጨው አዘውትሮ መጠቀም ሲጀመር የታዳጊ እንቅርት በአብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል በጥቂት ሳምንታት ለውጥ አልታየም ብሎ ጨውን መቀየር ተገቢ አይደለም። ለብዙ ዓመት የቆየና የጎላ እንቅርት ላይጠፋ ስለሚችል ክትትሉ በሐኪም ይሁን።