ከተማሪዎች ጋር ቤት ስትጋሩ ካውንስል ታክሱን ማን ይከፍላል?

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ ለማስተርስ የመጣ ልጅ ነው፤ ሌላዋ እዚሁ እንግሊዝ ያደገች፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የምትማር ልጅ ናት። ቤቱን የያዝነው ኦክቶበር ላይ ነው፣ ትምህርታቸው ከጀመረ በኋላ። ሦስታችንም አንድ ውል ላይ ፈረምን። ስለ ኪራዩ ተነጋገርን። ስለ ጋዝና መብራት ተነጋገርን። ፍሪጁ ውስጥ የጾም ምግብ የት እንደሚቀመጥ እንኳን ተስማማን። ስለ ካውንስል ታክስ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር (ለካውንስሉ) ስለሚከፈለው የቤት ግብር ግን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ከዚያ ያ ቡናማ ፖስታ መጣ። ላዩ ላይ የሦስታችንም ስም አለ። የዓመቱ ልክ 1,600 ፓውንድ ነው። የታክሱ ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው፤ የገባነው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ እስከ ማርች ድረስ 800 ፓውንድ፣ በአራት ወር የሚከፈል፣ በየወሩ 200 ይላል። ለሦስት አካፈልነው። እያንዳንዳችን 66 ፓውንድ ከምናምን። ሁለት ወር እንደዚያ ከፈልን።

አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ልጁ ለባንክ የሚሆን ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ሊያወርድ ስልኩን ይነካካል። "እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው? የካውንስል ታክስ ሰርተፊኬት ይላል" አለኝ። ከፈተው። አንድ ገጽ ነው። ስሙ፣ የዩኒቨርሲቲው ስምና አድራሻ፣ ኮርሱ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑ፣ የጀመረበትና የሚጨርስበት ቀን። በቃ። ያቺ አንድ ገጽ ከጅምሩ ካውንስሉ እጅ ብትገባ ኖሮ ልጆቹ አንድ ሳንቲም ባልከፈሉ ነበር። የእኔም ቢል ይቀንስ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኛ የሚኖር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ሠራተኛውና ተማሪው አንድ ቤት ይገባሉ፣ ቢሉ ሲመጣ ግን ማን ምን እንዳለበት አያውቁም። የምነግራችሁ የእንግሊዝን ሕግ ነው። ዌልስና ስኮትላንድ በተማሪ ጉዳይ ተቀራራቢ ናቸው፣ ዝርዝሩ ግን ይለያል። ሰሜን አየርላንድ ካውንስል ታክስ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እወቁ። ሙሉው ቢል የሚሰላው ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሰው ይኖራል ተብሎ ነው። አዋቂ ማለት 18 ዓመት የሞላው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ግን በዚህ ሂሳብ አይቆጠርም። ይኖራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ለካውንስል ታክስ ግን እንደሌለ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተማሪዎች ከሆኑ ምንም አይከፈልም። አንድ ሠራተኛ ብቻ ካለ፣ ሌሎቹ ሦስትም ይሁኑ አምስት ተማሪዎች፣ 25 ከመቶ ይቀነሳል። ተማሪ ያልሆኑት ሁለት ከሆኑ ቅናሽ የለም፣ ሙሉው ይከፈላል። ባልና ሚስት ሠራተኞች ሆናችሁ ተማሪዎች ደባል ብታደርጉ ያው ሙሉ ነው፤ ሁለታችሁ ቆጠራውን ሞልታችሁታል።

እኛ ቤት የምቆጠረው እኔ ብቻ ነኝ። ከ800ው 200 ተቀነሰ፣ 600 ቀረ። እሱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ውሉ ላይ እነሱም ፈርመዋል፣ ስለዚህ ድርሻ አለባቸው" ይላል። እንደዚያ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ ተማሪው ከእናንተ ጋር እኩል ተከራይ ቢሆንም ካውንስሉ እሱን አይጠይቅም። ብትዘገዩ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በእናንተ ስም ነው።

ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ለእያንዳንዳቸው 133 ፓውንድ። ልጁ "ተይው እትዬ፣ አብረን ነው የምንኖረው" ብሎ ነበር። አልተውኩትም። በስኮላርሺፕ ብር የሚኖር ልጅ በሕግ የማይጠበቅበትን ግብር መክፈል የለበትም ብዬ አምናለሁ። በመካከላችሁ ሌላ ስምምነት ማድረግ ክልክል አይደለም። ለምሳሌ ሰፊውን ክፍል የያዘው ተማሪ ትንሽ ልጨምር ካለ ይጨምር። ግን ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቢሉ ከመጣ በኋላ "እናንተም አዋጡ" ማለት ቅያሜ ያመጣል፤ ሕጉም ከተማሪው ጋር ነው።

አሁን፣ ቢሉ ጭራሽ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ውላችሁን አውጡና አንብቡት። ሁላችሁም አንድ ውል ላይ ፈርማችሁ ቤቱን በሙሉ ከተከራያችሁ፣ ታክሱ የነዋሪው ነው። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የክፍሉን ውል ከፈረመና ኩሽናውንና መታጠቢያውን ብቻ የምትጋሩ ከሆነ ግን ለካውንስሉ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። አከራዩ በኪራይ ውስጥ አስልቶ ሊያስገባው ይችላል፤ እሱ የውላችሁ ጉዳይ ነው። ቀድሞ አንዳንድ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ቢል ይወጣለት ነበር። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ በእንግሊዝ ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ ነው የሚታየው። ስለዚህ በጋራ ቤት ውስጥ ለምትኖሩባት ክፍል ብቻ ቢል ከመጣላችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፣ ጠይቁ።

አንድ የተለየ ነገር አለ። ውሉ በተማሪው ስም ብቻ ሆኖ እናንተ ከእሱ ተከራይታችሁ ከገባችሁ ቢሉ ወደ ተማሪው ይሄዳል። ቤቱ የእሱ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ዜሮ የነበረው፣ እናንተ በመግባታችሁ 75 ከመቶ ይሆንበታል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ ይህን ንገሩት፤ ልጁ ላያውቅ ይችላል። ብሩንም እናንተ ቻሉት። እናንተ ያመጣችሁት ወጪ ነው።

ተማሪ ሁሉ ተማሪ አይባልም። ኮርሱ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቆይ፣ በዓመት ቢያንስ 24 ሳምንት ያለው፣ በሳምንት በአማካይ 21 ሰዓት የሚያስጠና መሆን አለበት። ዕድሜያቸው ከ20 በታች ሆኖ ኤ ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለውን ትምህርት) ወይም ተመሳሳዩን ለሚማሩ በሳምንት 12 ሰዓት ይበቃል። ማታ ማታ በትርፍ ጊዜ የሚማር አይገባም። ተማሪው ጎን ለጎን መሥራቱ ግን ችግር የለውም፤ የሚታየው ትምህርቱ ነው።

ቀኖቹን በደንብ ተመልከቱ። ብር የሚፈሰው እዚህ ነው። ሰው ተማሪ የሚሆነው ኮርሱ ከጀመረበት ቀን ነው እንጂ ቤት ከገባበት ቀን አይደለም። ጁላይ ላይ ገብቶ ትምህርቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ቢጀምር፣ በመካከሉ እንደ ማንኛውም ሰው ይቆጠራል፣ ቅናሹም ለእነዚያ ሳምንታት የለም። በኮርሱ መካከል ያለው የክረምት ዕረፍት ግን ችግር የለውም። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ማስተርስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት ደግሞ ይቆጠራል።

የተማሪው ባል ወይም ሚስትስ? ይህ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ዜግነት የሌላትና በባሏ የተማሪ ቪዛ ጥገኛ ሆና የመጣች ሚስት፣ ቪዛዋ ድጎማ እንዳትወስድ የሚከለክል ከሆነ፣ እሷም አትቆጠርም። ሥራ ብትሠራም። ይህን ካውንስሉ በራሱ አይጠይቃችሁም። ቪዛዋን አሳይታችሁ በጽሑፍ መጠየቅ አለባችሁ።

ማመልከቻው ራሱ ከባድ አይደለም። ከቢሉ ላይ የአካውንት ቁጥራችሁን ያዙ። የሁላችሁንም ሙሉ ስምና የገባችሁበትን ቀን ጻፉ። የእያንዳንዱን ተማሪ ሰርተፊኬት በፒዲኤፍ አያይዙ። ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ፎርም አለው፤ እኔ ስልኬ ላይ ነው የሞላሁት፣ ከሥራ በፊት። የአንዱ ብቻ ተልኮ የሌላው ከቀረ ቅናሹ አይሰጥም፤ ያልተላከለት ልጅ እንደ ሁለተኛ አዋቂ ይቆጠራላ። ዩኒቨርሲቲው መረጃውን ራሱ ለካውንስሉ ይልካል ብላችሁ አትተማመኑ። ቅናሹ ከሚገባችሁ ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲታሰብላችሁም በግልጽ ጻፉ። የእኛ ወደ ኋላ ታስቦልን፣ ከከፈልነው 400 በኋላ የቀረው 200 ብቻ ሆነ።

ፎርሙ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቪዛችሁ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ መውሰድ አይቻልም የሚል ካለ፣ "ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን" የሚለውን እንዳትሞሉ። እሱ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ድጎማ ነው፣ ቪዛችሁን ሊያበላሽ ይችላል። የ25 ከመቶው "ዲስካውንት" እና የተማሪ ነፃ መሆን ግን ድጎማ አይደሉም። ያለ ስጋት ጠይቁ። ቃሎቹ ስለሚመሳሰሉ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለቱም ፈርታ ዓመት ሙሉ ለብቻዋ እየኖረች ሙሉውን ስትከፍል ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መልስ እስኪመጣ ድረስ በመጣላችሁ ቢል መሠረት ክፈሉ። ካቃታችሁ ደውሉ። "ጉዳዬ እየታየ ነው" ብላችሁ ብታቆሙ ማስታወሻ ይመጣል፣ 7 ቀን ይሰጣችኋል። ካልከፈላችሁ የዓመቱ ቀሪ በአንዴ ይጠየቃል። ከዚያ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የፍርድ ቤት ወጪ፣ መጨረሻ ላይ ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) በር ላይ። ካውንስሉ ቅናሹን ከከለከላችሁ መጀመሪያ ለራሱ ለካውንስሉ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ቫሉዌሽን ትሪቡናል የሚባል ከካውንስሉ ነፃ የሆነ ይግባኝ ሰሚ አለ፣ ክፍያ አይጠይቅም። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ያግዛል።

ክፍያው የከበዳችሁ ካለ በ10 ወር ፈንታ በ12 ወር ይከፋፈልልኝ ማለት መብታችሁ ነው። በእኔ ቤት ሂሳብ የዓመቱ 1,200 በ10 ወር 120 ነው፣ በ12 ወር 100። ለእኔ ያቺ 20 ፓውንድ የአውቶቡስ ናት።

ይህን ሁሉ ስል ታክሱን ጠልቼ አይደለም። ቢሉ ላይ ለአዋቂዎች እንክብካቤ የሚሄደው ለብቻው ተጽፎ አለ። ሌሊት የማገላብጣቸው፣ ውሃ የማጠጣቸው ሰዎች ናቸው። የሚገባኝን ስከፍል ደስ እያለኝ ነው። የማይገባውን ልጅ ማስከፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሮች ሲለወጡ በ21 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ አሳውቁ። ቅናሽ እየወሰዱ ዝም ማለት 70 ፓውንድ ያስቀጣል፣ ያለፈውንም ያስመልሳል። እኛ ፍሪጁ ላይ ሁለት ቀን ለጥፈናል፦ የልጁ ኮርስ የሚያልቅበትና የልጅቷ። ልጁ ሲጨርስ ሥራ እስኪያገኝ እዚሁ እቆያለሁ ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ተቆጣሪ እንሆናለን፣ ቅናሹ ይቀራል፣ ለሙሉው ቢልም ሁለታችንም ተጠያቂ ነን። በወር ሲሰላ 133 ነው፣ ለሁለት 67 አካባቢ። እሱን ከአሁኑ ነግሬዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ከቀኑ ሥር በእጁ "67" ብሎ ጻፈና ፈረመበት።