የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ እንዴት መረዳትና መደገፍ ይቻላል?

ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ ወይም በትምህርት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው። ግን ይበልጥ የሚያራምደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አሁን ምን ይችላል? ቀጣዩን ለመቻልስ ምን ዓይነት እገዛ ይፈልጋል?

1. ምን እንደሆነ እወቁ

የአእምሮ እድገት ውስንነት አለ የሚባለው ሁለት ነገሮች አብረው ሲታዩ ነው። አንደኛው፣ የመማርና ችግር የመፍታት አቅም ከእድሜ አንጻር በጉልህ ማነሱ ነው። ሁለተኛው፣ የዕለት ተዕለት ኑሮ መክበዱ ነው፤ መልበስ፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ገንዘብና ሰዓት መጠቀም፣ ከሰው ጋር መግባባት። ሁለቱም የሚጀምሩት በእድገት ዘመን ነው። ስለዚህ የማሰብ ችሎታን የሚለካው የአይኪው ፈተና ውጤት 70 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ቢሆንም፣ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

የአእምሮ ሕመም አይደለም። ከኦቲዝምም ይለያል፤ አንድ ልጅ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ግን ይችላሉ። ማንበብ ብቻ የሚቸግረው ልጅም እዚህ አይመደብም።

2. የምታዩትን ጻፉ

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ። ብቻውን የሚሠራው፣ ሲታገዝ የሚሠራው፣ ገና ያልቻለው። «ሰነፍ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ሁለት ነገር አንዴ ሲታዘዝ የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል» ብላችሁ ጻፉ። መምህሩም ለብቻው ይጻፍ። ቤትና ትምህርት ቤት የሚታየው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

3. አስመርምሩ

መጀመሪያ ጆሮና ዓይን ይታይ። በደንብ የማይሰማ ልጅ የማይገባው ሊመስል ይችላል። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም መንስኤውን ይፈልጋል። እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ የዘረመል ምክንያት፣ በወሊድ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት፣ ማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ወቅት አልኮል መጠጣት ከሚታወቁት ናቸው። አብሮ የተወለደ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕክምና ከተጀመረለት ጉዳቱን በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። አንዳንዴ መንስኤው ጭራሽ አይገኝም። ያኔም ቢሆን የንግግርና የዕለት ተዕለት ክህሎት ሥልጠና መጀመር ይቻላል፤ ውጤት እየጠበቃችሁ ጊዜ አታባክኑ።

4. ትልቁን ሥራ በትኑት

ድካሙ ያለው እዚህ ነው፣ ለውጡም የሚታየው እዚሁ ነው። «እጅህን ታጠብ» ለእኛ አንድ ትእዛዝ ነው። ለልጁ ግን ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና መያዝ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት፣ ማድረቅ ነው። አንዷን ብቻ መርጣችሁ አስተምሩ።

አንዳንዴ ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል። ቲሸርቱን እናንተ አልብሱት፤ ወደ ታች መጎተቱን ለእሱ ተዉለት። ሥራውን የጨረሰው እሱ ይሆናል፣ ደስታውም የእሱ ነው። ያንን ሲለምድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሂዱ።

በአጭር ቃል ተናገሩ፣ አሳዩት፣ ሥዕል ለጥፉ። ከዚያ ዝም በሉ። ቸኩለን እኛው የምንሠራለት ነገር ብዙ ነው። እስኪያስብ ታገሡት፣ እገዛውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ። ክፍል ውስጥ ብር መቁጠር የቻለ ልጅ ሱቅ ሲሄድ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ የተማረውን በተለያየ ቦታ ይለማመድ። ደግሞ የ14 ዓመት ልጅን እንደ 4 ዓመት ሕፃን አታናግሩ።

5. ከትምህርት ቤቱ ጋር ተቀመጡ

ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ አብሮ ይቀመጥ። ለልጁ የግሉ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለት፤ ጥቂትና የሚለኩ ግቦች ይኑሩት። «ማንበብ ይሻሻላል» ምንም አይናገርም። «ስሙን ከአምስት ስሞች መሃል ለይቶ ያነሣል» ግን ይለካል። የመማር መብት ችሮታ አይደለም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ይህንን በግልጽ አስፍሯል።

6. ለራሳችሁም እገዛ ፈልጉ

የወላጆች ማኅበር ካለ ተቀላቀሉ፤ የትኛው ሐኪም በደንብ እንደሚያዳምጥ እዚያ ይነገራችኋል። እንክብካቤውን ተከፋፈሉ፣ ሁሉም ነገር እናት ላይ አይውደቅ። እኅትና ወንድምም ጥያቄ አላቸው፣ መልሱላቸው።

አንድ ቸል የሚባል ነገር አለ። እነዚህ ልጆች ለጥቃት ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። የሰውነት ክፍሎችን ትክክለኛ ስም፣ «እምቢ» ማለትን፣ ሄዶ የሚነግረው የታመነ ሰው ማን እንደሆነ ከጉርምስና በፊት አስተምሩ፤ ይህንንም እንደ እጅ መታጠቡ ደጋግማችሁ አለማምዱት።