በትከሻ ጅማት ላይ ካልሲየም ሲጠራቀም፦ ሕክምናውና ማገገሚያው

ክንድዎን ከጎንዎ እንኳ እንዳያርቁ የሚያደርግ የትከሻ ሕመም ሌሊት በድንገት ቀስቅሶዎት፣ በራጅ ሲታይ ከክንድ አጥንት ራስ በላይ ነጭ ነገር ከተገኘ፣ ክንድን ወደ ጎን በሚያነሣው ጅማት ውስጥ ካልሲየም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ይበልጡንም በሴቶች ላይ ይታያል። ወተት በመጠጣት የሚመጣ ስላልሆነ ወተትና አይብ መተው አይጠቅምም።

ካልሲየሙ እንደ ጠመኔ ደርቆ በተቀመጠበት ጊዜ ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ እጅግ የሚያመው ሰውነት ራሱ ሊያሟሟው ሲጀምርና እንደ ጥርስ ሳሙና ሲለሰልስ ነው። ስለዚህ የከፋው ሰሞን ብዙውን ጊዜ የመዳን መጀመሪያ ነው። በዚህ ጊዜ በኃይል መታሸት ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል ወጌሻውን ይለፉት።

ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ክንድዎን በነጠላ አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ያሳርፉ፤ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዙበት። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የሚወሰደው ከምግብ በኋላ ሲሆን፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም። ትኩሳት ካለና ትከሻው ካበጠ ወይም ሕመሙ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሕመሙ ካልበረደ ብግነትን የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ ሊታዘዝ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኞች በሚቀጥሉት ቀናት የስኳር መጠናቸው ከፍ ሊል እንደሚችል ይወቁ። በአልትራሳውንድ እየታየ ካልሲየሙን በመርፌ አጥቦ ማውጣትና በድምፅ ሞገድ ማፍረስም ይቻላል፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ይህ ሁሉ ለወራት ተሞክሮ ካልሠራ ነው።

ክንድን ለሳምንታት አስሮ ማቆየት ትከሻውን ያደርቀዋል። ሕመሙ እንደረገበ በደህናው እጅዎ ጠረጴዛ ተደግፈው ያጎንብሱ፤ የታመመውን ክንድ ዘና አድርገው ወደ ታች ይልቀቁትና ወገብዎን በቀስታ በማወዛወዝ ክንዱ በራሱ እንዲወዛወዝ ያድርጉ። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። ቀጥሎ ግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶችዎ ወደ ላይ እየዳሁ ይውጡና የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ጡንቻን ለማጠንከር በላስቲክ መጎተቻ የሚደረገው እንቅስቃሴ የሚጀመረው ክንድዎ ያለ ብርቱ ሕመም ወደ ላይ መውጣት ሲችል ነው፤ እስከዚያው የከባድ ድስት ቦታ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከወገብ በታች ይሁን።