ማመን እምቢ ያለውን ሰው ስናናግር የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ስለ እምነት ወሬ ሲጀምሩ፣ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ ክርክር ይነሳል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአማኙ ነው፤ «ለምን አታምንም?» ብሎ ይጠይቅና መልሱንም ራሱ ይመልሳል።

«ኃጢአት ወደህ ነው» ማለት። ሳይሰሙ መፍረድ ነው። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን የዳዊት መዝሙር የሚወረውሩም አሉ። ቀጥለው ያንብቡት፤ ስለ ክፉ ሥራ እንጂ ስለ ጠያቂ ሰው አይናገርም።

ሐዘንተኛን በትምህርት ማጽናናት። ይሄኛው ትዕግሥት ያስጨርሳል። ልጁን የቀበረ አባት «እግዚአብሔር የት ነበር?» ሲል ስብከት አልለመነም። እኛ ግን «ስለወደደው ወሰደው»፣ «ለበጎ ነው» እንለዋለን፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ ብለን እንገረማለን! የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ጠበቃ ነን ባሉት በእነሱ ላይ ነው። ክርስቶስም የሰሊሆም ግንብ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ስለዚህ በለቅሶው ሦስት ቀን ዝም ብለው ይቀመጡ። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ድንኳኑ ፈርሶ፣ የእድሩ ወንበር ተመልሶ፣ ጠያቂ ሲጠፋ ነው። ያኔ ይሂዱ። «ይህ ስሜት መቼ ጀመረህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ውስጥ የሞተ ሰው ስም ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዝጉት፣ ስለ ሟቹ ያውራልዎት።

የሽማግሌውን ቁጭት የፍልስፍና ጥያቄ ማድረግ። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ ለወጣ ትውልድ ቅሬታው የፍትሕ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ የመሬት ባለቤት ነበረች። ጋሼ ይህን ሲያነሡ የፈጣሪን መኖር ማስረዳት ያልተጠየቀ መልስ ነው። መጀመሪያ እውነቱን ይመኑላቸው። ከዚያ በኋላ በ1971 ደርግ ፓትርያርክ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን እንደገደለ ቢነሣ ወሬው ሚዛን ይኖረዋል። ቀድመው ካነሡት ግን ማምለጫ ይመስላል።

ለሳይንስ ተማሪ በጥቅስ ብቻ መመለስ። ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን በ1927 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። ይህ የሚያሳየው ሳይንስና እምነት በአንድ ሰው ውስጥ መኖር መቻላቸውን ብቻ ነው፤ ፈጣሪ መኖሩን አያረጋግጥም። እንደ ማስረጃ ካቀረቡት ጎበዝ ተማሪ ወዲያው ይይዝዎታል፣ ሲይዝዎትም ልክ ነው።

ስለ ገንዘብ ወዳድ አገልጋይ መከራከር። አይከላከሉለት። ክርስቶስ በማቴዎስ 23 ግብዝ የሃይማኖት መሪዎችን የተቆጣው ቁጣ ከጓደኛዎ ቁጣ ይብሳል።

በታክሲ ውስጥ፣ መውረጃ በሌለበት፣ መስበክ። ይተዉት።

ማስቸኮል። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ካለ በኋላ ሌሎቹ ከቤት አላስወጡትም፤ ከስምንት ቀን በኋላም አብሯቸው ነበር። በማግስቱ ደውለው «አሰብክበት?» አይበሉት። ቡና ይጋብዙት፤ ስለ እምነት እሱ ካላነሣ እርስዎም አያንሡ።