ፕሮግራማችሁና ከርነሉ አልግባባ ሲሉ

ፋይል መክፈት፣ ስክሪን ላይ መጻፍ፣ በኔትወርክ መላክ፣ ይሄን ሁሉ የሚሰራልን ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። እኛ የምንጠይቀው በሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለከርነሉ በሚያቀርበው ጥሪ ነው። እዚህ ጋ የሚፈጠር ስህተት ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሊነክስ ላይ ከሆናችሁ ከመገመታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ስትሬስ (strace) በሚባለው መከታተያ አስነሱት። እያንዳንዱን ጥሪና የከርነሉን መልስ መስመር በመስመር ያሳያችኋል።

ፕሮግራሙ ምንም ሳይጽፍ ዝም ብሎ ይወጣል

አሴምብሊ (ለፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚጻፍ ቋንቋ) የሚጀምሩ ልጆችን በጣም የሚያደክማቸው ይሄ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከድሮ መማሪያ የተገለበጠ ኮድ ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ቁጥር አለው፤ በ32 ቢት ኢንቴል ሊነክስ የራይት (የመጻፊያው ጥሪ) ቁጥር 4 ነው። በ64 ቢት ኢንቴል 1 ነው፣ በ64 ቢት አርም ደግሞ 64። በ64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ የድሮውን የከርነል መጥሪያ ኢንተራፕት (በሄክስ 80) ከጠራችሁ ከርነሉ የሚያየው የ32 ቢቱን ሰንጠረዥ ነው። አድራሻችሁንም ግማሹን ቆርጦ ይጥለዋል።

ግራ የሚያጋባው አንዳንዴ መስራቱ ነው። ጽሑፉ ዳታ ክፍል ውስጥ ሆኖ አድራሻው ትንሽ ከሆነ ይታተማል። ያንኑ ጽሑፍ ስታክ (የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ስታደርጉት ግን አይታተምም፤ በመልሱ ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ -14 ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። «አድራሻው ልክ አይደለም» ማለት ነው።

መፍትሄው ሲስኮል የሚለውን የ64 ቢት ትእዛዝ መጠቀም ነው። ለጥሪው የሚሰጠው አራተኛው መረጃ በአርሲኤክስ ሬጂስተር ሳይሆን በአር10 ይግባ፤ ትእዛዙ ራሱ አርሲኤክስንና አር11ን ያጠፋቸዋልና። ለመማር ካልሆነ በቀር ግን ይሄን ሁሉ ጥሪውን በእናንተ ፈንታ ለሚያደርገው ለሲ ላይብረሪው ተዉለት።

ትናንት ይሰራ ነበር፣ ሲስተሙ አፕዴት ሲደረግ ተበላሸ

ሊነክስ የሲስተም ኮል ቁጥሮቹን አይቀይርም። ሌሎቹ ግን ይህን ቃል አልገቡም። ዊንዶውስ ቁጥሮቹን ከእትም እትም ይቀያይራል። ማክኦኤስ ዋስትና የሚሰጠው ለሲስተም ላይብረሪው ብቻ ነው። የጎ ቋንቋ ማክ ላይ ከርነሉን በቀጥታ ይጠራ ነበር። በ2016 ሲዬራ የተባለው የማክኦኤስ እትም ሲወጣ የቆዩ የጎ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ፤ በአዲስ ጎ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ግድ ሆነ። በ2018 ጎ 1.11 ላይ ራንታይሙ (ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚሄደው የጎ ክፍል) በላይብረሪው በኩል ማለፍ ጀመረ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ካልተፈቀደ ቦታ የመጣ ጥሪ ሲያይ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። መፍትሄው አንድ ነው፦ ከርነሉን በላይብረሪው በኩል ጥሩት።

ኮንቴይነር ውስጥ ትሬድ መክፈት አልቻለም

የ2021ዱ ግሊብሲ 2.34 (የሊነክስ ሲ ላይብረሪ) ትሬድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ስራ፣ ሲከፍት ክሎን3 የሚባል አዲስ ጥሪ ይሞክራል። «የለም» (38) ከተባለ ወደ ድሮው ይመለሳል። የቆየ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለይቶ በኮንቴይነር የሚያስኬድ) ግን «አይፈቀድም» (1) ብሎ ስለሚመልስ እዚያው ይቆማል። ዶከርን ወደ 20.10.10 ወይም ከዚያ በላይ አሳድጉ። ሴክኮምፕን (ጥሪዎችን የሚያጣራውን) ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቢያሰራም አልመክርም፤ አጥሩን ማፍረስ ነው።

የተላከው ዳታ መጨረሻው ተቆርጦ ይደርሳል

ይሄ በእኔም ደርሷል። የጻፍኩት ሪፖርት አውጪ በሙከራ ላይ ምንም አላለም። እውነተኛው ዳታ ሲመጣ መጨረሻው ጠፋ። ሁለት ቀን ተቀባዩን ፕሮግራም ስመረምር ቆየሁ። በመጨረሻ ስትሬስ ሳስነሳ፣ 100,000 ባይት ጻፍ ብዬ መልሱ 65,536 ይላል። ሊነክስ ላይ አንድ ፓይፕ (ዳታ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያልፍበት መስመር) በተለምዶ የሚይዘው ይህንን ያህል ነው፤ ፓይፑን ደግሞ እንዳይጠብቅ አድርጌው ነበር። ከርነሉ የወሰደውን በትክክል ነግሮኛል። መልሱን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የተመለሰውን ቁጥር ያዙና ከዚያ ቀጥላችሁ ጻፉ፣ እስኪያልቅ። ላይብረሪው -1 ከመለሰ ሌላ ነገር ሳትጠሩ ወዲያው ኤርኖን (የስህተቱን ቁጥር የሚይዘውን) እዩ። 4 ከሆነ ሲግናል አቋርጦት ነው፣ ድገሙት። 11 ከሆነ ሞልቷል፣ ቦታ እስኪገኝ በፖል ጥሪ ጠብቁ። ክሎዝን (የመዝጊያውን ጥሪ) ግን ሊነክስ ላይ 4 ብሎ ቢመልስም አትድገሙት። ፋይሉ ያኔውኑ ተዘግቷል። የፋይሉ መለያ ቁጥር በዚያች ቅጽበት ለሌላ ትሬድ ተሰጥቶ ከሆነ፣ የምትዘጉት የዚያኛውን ፋይል ነው።