ሐረጎ ላይ የሚፈተን ቅለት፦ ያገለገለ ሱዙኪን በወሎ መርጦ ለመግዛት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በትንሽ መኪና የተመላለሰ ሰው የመኪናን ጥሩነት በሞተሩ ትልቅነት ብቻ መለካት ስሕተት መሆኑን ያውቃል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት 600 ሜትር ያህል የሚያዘቀዝቀው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከባዱን መኪና በየኩርባው ሲያስጨንቀው፣ ቀላሏን መኪና ግን መሪዋን ገና ሲነኩት የምትታዘዝ ያደርጋታል። ሱዙኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለረጅም ዘመን የደከመው ለዚሁ ቅለት ነው፤ ዋጋዋ እንዳይከብድ፣ ነዳጅ እንዳትበላና መንዳቷ ደስ እንዲል ያደረጋትም ሌላ ምሥጢር አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ሱዙኪ የሚገዛ ሰው በዋናነት የሚመረምረው አንድ ነገር ነው፦ ይህች መኪና ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቅለት አሁንም ከእርሷ ጋር አለ ወይስ በግጭት፣ በጭነትና በግዴለሽ ጥገና ጠፍቷል?

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። በየገበያው እህል ሲያራግፍ የምናየው አይሱዙ እና ሱዙኪ በስም ቢቀራረቡም የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ዝናም ለሌላው አይቆጠርም።

የሱዙኪ ታሪክ የሚጀምረው ከሸማኔ ቤት ነው። ሚቺዮ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1887 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም «ዓ.ም.» ካልተባሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን ሐማማትሱ አካባቢ ተወልዶ በአናጢነት ሠለጠነ፤ ከዚያም ለእናቱ የሽመና መሣሪያ ሠራላቸውና በ1909 የሽመና መሣሪያ ማምረቻ ከፈተ። ማምረቻው በ1920 ወደ አክሲዮን ኩባንያ ተለወጠ፤ በኋላም ሽርጥ የሚሸምኑ ማሽኖችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ መላክ ጀመረ። ባቲ ገበያ ላይ ሽርጥ የታጠቀ ሰው አይቶ ሱዙኪን የሚያስታውስ አይኖርም፤ እኔ ግን ግንኙነቱ የዋዛ አይመስለኝም። ሸማኔ ትርፍ ክብደትና ትርፍ ዕቃ ያለበትን መሣሪያ አይወድም፤ ሲበላሽም ራሱ መጠገን ይፈልጋል። ለሸማኔ ሲሠራ የኖረ ሰው ያቋቋመው ድርጅት ወደ መኪና ሲሻገር ይህን ልማድ ይዞ መሻገሩ አያስገርምም።

ከጦርነቱ በኋላ የሽመና ማሽን ገበያ ሲቀዘቅዝ ኩባንያው በ1952 በብስክሌት ላይ የሚገጠም 36 ሲሲ ሞተር ይዞ ቀረበ፤ በ1954 ስሙን ወደ ሱዙኪ ሞተር ለወጠ፤ በ1955 ደግሞ የመጀመሪያ መኪናውን ሱዙላይትን ለሽያጭ አቀረበ። ሱዙላይት 360 ሲሲ ሞተር የነበራት፣ የፊት እግሮቿ የሚጎትቷት ትንሽ መኪና ስትሆን ስሟም «ቀላል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የያዘ ነው። ለገበያ ከመብቃቷ በፊት ለሙከራ የተሠሩት መኪናዎች ከሐማማትሱ ተነሥተው የሐኮኔን ተራራ አቋርጠው ቶኪዮ እንዲደርሱ ተደርጓል። ትንሽ መኪናን በዳገት መፈተን እንግዲህ ከእኛ የመጣ ክፋት አይደለም፤ የራሳቸው የአምራቾቹ ልማድ ነው።

የዋጋው ነገር የተያዘው በኦሳሙ ሱዙኪ ዘመን ነው። በ1978 ፕሬዚዳንት የሆኑት እኚህ ሰው በቀጣዩ ዓመት አልቶን በ470,000 የን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ርካሽነቷ የመጣው አንድም መኪናዋ አላስፈላጊ ነገር ስላልነበራት፣ አንድም በሥራ መኪናነት በመመዝገቧ በቤት መኪና ላይ ይጣል ከነበረው የዕቃ ግብር ነጻ ስለነበረች ነው። የኩባንያው የአሠራር መርሕ «ትንሽ፣ ጥቂት፣ ቀላል፣ አጭር፣ ውብ» በሚሉ አምስት ቃላት ይነገራል። ከአምስቱ አራቱ ስለ መቀነስ የሚናገሩ ናቸው።

በእኛ ከተሞች ያሉት ሱዙኪዎች አብዛኞቹ ከጃፓን ሳይሆን ከሕንድ የመጡ መሆናቸውንም ገዢው ማወቅ አለበት። ሱዙኪ ከሕንዱ ማሩቲ ጋር በ1982 ተዋዋለ፤ በታኅሣሥ 1983 የመጀመሪያዋን ማሩቲ 800 ቁልፍ ለገዢው ያስረከቡትም ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ነበሩ። ዲዛየር የተባለችው መኪና የዚህ ሽርክና ልጅ ናት፦ ስዊፍት በተባለችው የሱዙኪ ትንሽ መኪና ላይ የዕቃ መጫኛ ተጨምሮላት በ2008 ወጣች፤ በሕንድ ከአራት ሜትር በታች የሆነ መኪና ዝቅ ያለ ግብር ስለሚከፍል ከ2012 ጀምሮ ርዝመቷ 3,995 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። ኋላዋ እንደ ተቆረጠ ሆኖ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 የወጣችው ሦስተኛዋ ዲዛየር 900 ኪሎ አትሞላም፤ 1,197 ሲሲ የሆነው ሞተሯም 83 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው።

እዚህ ላይ ስለ ተራራ አየር ሒሳብ እንሥራ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ወደ ሞተሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳልና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የዲዛየሯ 83 የፈረስ ጉልበት ፒያሳ ላይ ስትቆም ወደ 62 ወርዷል ማለት ነው። ይህን ጉድለት የሚያካክሰው የመኪናዋ ቅለት ብቻ ነው። የሱዙኪ ስም በተራራ ውድድርም የታወቀ ሲሆን ጃፓናዊው ኖቡሂሮ ታጂማ በ2011 በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያበቃውን መንገድ በ9 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ወጥቶ ከአሥር ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። መኪናው ግን ሁለት ቱርቦ የተገጠመለት የውድድር መኪና ነበር፤ ይህን ታሪክ እያነሣ የዲዛየርን ዋጋ የሚሰቅል ደላላ ቢያጋጥምዎ በትሕትና ይለፉት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ሱዙኪ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ሰው የነዳውን ነው። ምርጫው እንደ መንገድዎ ይለያል። ውሎዎ በደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሰኞ ገበያ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ከሆነ ዲዛየር ወይም ስዊፍት ይበቃዎታል፤ ከሁለቱ መንዳቷ ይበልጥ የሚያስደስተው ኋላዋ ያልከበደው ስዊፍት ናት፤ ቤተሰብና ዕቃ ላለው ደግሞ ዲዛየር ትሻላለች። አልቶ እና ኤስ-ፕሬሶ በነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ሆኖም አንድ ሊትር እንኳ በማይሞላው ሞተራቸው አምስት ሰው ጭኖ ሐረጎን መውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። በየጊዜው ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚዘልቅ ሰው ጂምኒ የተለየች ናት፤ በጠንካራ ቻንሲ ላይ የተሠራች፣ አራቱም እግሯ የሚጎትትና ለከባድ ዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያላት ናት፤ ነገር ግን በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ወገብ አትስማማም።

መኪናዋን ለማየት በጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን እንዳያስነሣው አስቀድመው ይንገሩት። እኔ ከዓመታት በፊት የሌላ ስም ያላት መኪና ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ አይቼ ገዛሁና በማግስቱ በደሴ ጠዋት ብርድ ሳስነሣት የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ጥፋቱ የእኔ የችኮላ ነበር። የዲዛየርና የስዊፍት ቤንዚን ሞተር በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት የሚጠቀም በመሆኑ፣ ዘይት በጊዜው ካልተለወጠ ሰንሰለቱ ይላላና ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ይንኳኳል። ለአንድ አፍታ ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ አያስፈራም፤ የሚቀጥል ከሆነ ግን ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት መካኒክ ይጥሩ። በዚያው ቅጽበት ማርሚታውን ይመልከቱ፦ በጠዋት ብርድ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል፤ ሳይጠፋ የሚቆይ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ መሆኑን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ዘይት መቃጠሉን ይጠቁማል።

ቀጥሎ ወደ ቦዲው ይለፉ፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ቀላል መኪና ላሜራዋ ስስ ስለሆነ የተጋጨች ሱዙኪ ቀጥ ብላ ከመጠገን ይልቅ በስቱኮ ተሞልታ በቀለም ትሸፈናለች። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹና በፓራፋንጎዎቹ ላይ ያንሸራትቱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ፓራውልቱ ፕላስቲክ በመሆኑ እርሱን አይሞክሩ። ኮፈኑን ከፍተው የፓራፋንጎዎቹ ብሎኖች ቀለማቸው ተፍቆ እንደሆነ ያስተውሉ፤ ከዚያም መኪናዋን ከፍ አስደርገው ሥሯን ይዩ። ዲዛየር ከመሬት ከፍታዋ 163 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በኮብልስቶን ዳገትና በየፍጥነት መቀነሻው ሆዷ የተፋቀ መሆኑ አይቀርም። መፋቅ ነውር አይደለም፤ የዘይት መያዣው መሰርጎድና የዘይት ማንጠብጠብ ግን ነው።

የኋላ ከፍታዋንም ይለኩ። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ከ50 ኪሎ ዕቃ ጋር ሲጫኑ 375 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህም ከዲዛየር ክብደት አርባ ከመቶ በላይ ነው። ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና ያው ጭነት ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቅለት ዕዳም አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ለትራንስፖርት ስትሠራ የኖረች ዲዛየር የኋላ ሞላዋ ሊደክምና ባዶዋን ቆማ እንኳ የተቀመጠች ልትመስል ትችላለች። ቀድሞ ለምን ሥራ እንደዋለች ከወረቀቷ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ሐረጎ እንውረድ። ሻጩን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ሬዲዮውን ዘግተው፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወርደው ይመለሱ። ሲወርዱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝልዎ አድርገው ፍሬኑን በየኩርባው መግቢያ ብቻ ይጠቀሙ። ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊቱ ዲስክ ሳይጣመም አልቀረም፤ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ ወይ ፍሬኑ እኩል አይዝም ወይ አሰላለፏ ተዛብቷል፤ ይህ ሁለተኛው ቀድሞ ካዩት ስቱኮ ጋር በአንድ ጎን ከተገጣጠመ አይግዟት። በኩርባው ውስጥ መሪውን በእርጋታ ያዙሩና የሚመልስልዎትን ያዳምጡ። ጤነኛ ስዊፍት ወይም ዲዛየር መሪዋ ቀሊል ቢሆንም ያለ መዘግየት ትታዘዛለች፣ ከኩርባው ስትወጣም መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ ይመለሳል። የምትዘገይ፣ የምትንገዳገድ ወይም «ቋ ቋ» የምትል ከሆነ አሞርዛተሩና የፊት እግሯ መታየት አለባቸው። በኩርባ ላይ እየጨመረ የሚሄድ የጉርምርምታ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእግር ኩሽኔታ ነው።

ከኮምቦልቻ መመለሻው የሞተሩ ፈተና ነው። ዳገቱ ሲበረታ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ በደንብ ይስጧት፤ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቷ ባለበት ከቆመ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል። የሙቀት ምልክቱን ይከታተሉ፤ በደሴ ከፍታ ክፍት ዕቃ ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ምንም ሳይል ደጋ ላይ ሊያፈላ ይችላል። ክዳኑን መለወጥ ርካሽ ነው፤ ሳይለወጥ ቀርቶ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከተበላሸ ግን ወጪው ሌላ ነው።

«ኦቶማቲክ» ተብለው ከሚሸጡት ዲዛየሮች ብዙዎቹ በእውነቱ ፍሪሲዮኑን በራሱ የሚረግጥ መሣሪያ የተጨመረበት የማንዋል ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለችው መኪና ዳገት ላይ ቆማ ስትነሣ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ስለምትችል የእጅ ፍሬን ይዘው ይሞክሯት፤ ሐረጎን ሲወጡም በማንዋል ምርጫ ማርሹን ራስዎ ይያዙላት። ማርሽ ስትቀይር ትንሽ መዘግየቷ ጠባይዋ ነው፤ መንጠቅና መዝለል ግን የፍሪሲዮን ማለቅ ምልክት ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ አጭር ነው፦ የቻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይንዎ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ ቦሎው የታደሰ፣ መኪናዋም ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን ውል ከመፈራረምዎ በፊት ያጣሩ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ እንደማይዛወር አይዘንጉ።

ከገዙ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ እንዲሁም የፍሬን ዘይት ያስለውጡ። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል እንጂ መኪናዋ አትቆምም። ሻጩ «ለውጬዋለሁ» ቢልዎም እንኳ፣ ሐረጎን ሁለተኛ ጊዜ ከመውረድዎ በፊት አዲስ ያስሞሉ።